የጃቫ መዝገበ ስም ታሪክ፤ የተጠራ ነገር ስለ ምን አይገኝም

አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ ኔትወርክ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች ስማቸውና አድራሻቸው በአንድ ፋይል ተጽፎ፣ ያም ፋይል በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ኤስ አር አይ በተባለ የምርምር ተቋም፣ ኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመሩት ክፍል ይጠበቅ ነበርና፣ መዝገቡ አንድ፣ ጠባቂውም አንድ በሆነበት በዚያ ዘመን «ይህ ስም በማን ዘንድ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ኮምፒውተሮቹ በበዙ ጊዜ ግን ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስሞችን በየግዛቱ ከፋፍሎ ለየባለሥልጣኑ የሚያድለውን ዲ ኤን ኤስን ደነገጉ፤ በ1988 ኤክስ.500 የተባለው የማውጫ ሥርዓት፣ በ1993 ደግሞ ከእርሱ የቀለለው ኤልዳፕ ተከተሉ።

ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጄ ኤን ዲ አይን ያወጣው በእነዚህ መዛግብት ላይ ሌላ ለመጨመር ሳይሆን፣ የጃቫ ፕሮግራም ከሁሉም ጋር በአንድ አንደበት ይነጋገር ዘንድ ነበር። እስከ ዛሬ ባለሙያውን የሚያደክመው ችግር የተወለደው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከዚሁ በጎ አሳብ ነው፤ አንደበቱ አንድ ሲሆን መዛግብቱ ብዙ ሆነው ቀርተዋልና።

በ1999 ጄ2ኢኢ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራሞች የጃቫ ደንብ ሲታወጅ ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል «ጃቫ:ኮምፕ/ኢንቭ» የተባለ እንደ ጓዳ ያለ ስፍራ ተሰጠው፤ በዚያ የተቀመጠው የዳታቤዝ መገናኛ ለክፍሉ ለራሱ የተገለጠ፣ በውጭ ለቆመው ግን የተሰወረ ነው። ስለዚህም በሰርቨሩ ውስጥ በሰላም ሲሠራ የኖረ ኮድ፣ ባለሙያው በራሱ እጅ በከፈተው ትሬድ ውስጥ ያንኑ ስም አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ቢጠራ «ኔም ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን» (ስሙ አልተገኘም) የሚል ስሕተት ሊመለስለት ይችላል። ጀማሪው ፊደል ሲለቅም ይውላል፤ ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ሳይሆን ስሙ በተጠራበት ስፍራ ነው።

ሥርዓቱን የደነገጉት ጠበብት ጠያቂውን ያለ ምስክር አልተዉትም። የስሕተቱ መልእክት እስከ የት እንደ ተደረሰና ከስሙ የቱ ክፍል እንደ ቀረ የሚናገርበት ስፍራ አለው፤ «ጄዲቢሲ/ደመወዝ» ተብሎ ተጠርቶ የቀረው «ደመወዝ» ብቻ ቢሆን፣ «ጄዲቢሲ» የተባለው ማኅደር አለ፣ በውስጡ ግን ነገሩ አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ስሙ በሙሉ የቀረ እንደ ሆነ ግን የተጠየቀው መዝገብ ራሱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም፣ ያን ጊዜም «ሊስት» በተባለው ትእዛዝ መዝገቡን ከሥሩ ማስዘርዘር ይገባል። ይህን ምስክርነት ሳያነቡ ኮዱን ለመለወጥ የሚቸኩሉ ብዙዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

በየኩባንያው ሰርቨር የተለያየውን የስም አጻጻፍ የጄ2ኢኢ ተተኪ የሆነው የ2009ኙ ጃቫ ኢኢ 6 «ጃቫ:ግሎባል» በሚለው ድንጋጌ በመጠኑ አስታረቀው።

የሚጠየቀውን መዝገብ እንግዳ ሰው የመረጠ እንደ ሆነ የሚመጣው መከራ በዲሴምበር 2021 ለዓለም ታየ፤ ሎግ4ጄ የተባለው ላይብረሪ ከውጭ የተላከለትን ጽሑፍ እንደ ስም ቆጥሮ፣ እስከ አጥቂው ሰርቨር ድረስ ሄዶ ይፈልግ ነበርና። ጃቫ ራሱ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ከሩቅ የኤልዳፕ መዝገብ ኮድ አምጥቶ መጫንን በኦክቶበር 2018፣ በስሪት 8 እድሳት 191፣ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር ከልክሎ ነበር። በቀድሞው ልማድ የተጻፈ ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ ስሙን ያገኛል፤ የሚመለስለት ግን ነገሩ ሳይሆን «ሬፈረንስ» የተባለው መግለጫው ነውና፣ «ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን» የተባለው የዓይነት አለመስማማት ስሕተት ይከተለዋል። መድኃኒቱም ነገሩን የሚሠራውን ክላስ ከፕሮግራሙ ጋር በዚያው ኮምፒውተር ላይ ማኖር ነው።