ቀኝ እጅን ስለ መስጠት (ገላትያ ምዕራፍ 2 ቁጥር 9)

ያዕቆብ፥ ኬፋና ዮሐንስ ለጳውሎስና ለበርናባስ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሰጡ ሐዋርያው ይናገራል። ይህም የአንድነት ምልክት ነው እንጂ የመግዛት ምልክት አይደለም።

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት፥ ፒዩሪታን የተባሉት ክርስቲያኖች ይህን ምልክት ሥርዐት አደረጉት። በ1629 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በሴለም ማኅበር አቁመው እረኛቸውንና መምህራቸውን ራሳቸው መርጠው ሾሙ። አገረ ገዢው ዊልያም ብራድፎርድና ሌሎች የፕሊመዝ ማኅበር ሰዎች በባሕር ሲመጡ ነፋስ ቢያዘገያቸውም፥ ደርሰው ቀኝ እጃቸውን ሰጡ። የመጡትም ለወንድምነት ነው እንጂ ለመሾም አይደለም።

በ1646 በኬምብሪጅ የተዠመረው ጉባኤ በ1648 ይህን ሥርዐት በመጽሐፍ አጸና። እያንዳንዱ ማኅበር ሽማግሌዎቹንና ዲያቆናቱን ይመርጣል፤ አንዱም በሌላው ላይ ሥልጣን የለውም። እንዳይበታተኑ ግን ስድስት የአንድነት መንገድ ተጻፈ፤ ይኸውም መተሳሰብ፥ መመካከር፥ መገሣጽ፥ በቍርባን መሳተፍ፥ ምእመንን በደብዳቤ አደራ ማለት፥ የተቸገረውን መርዳት ነው። ተግሣጽን እንቢ ካለ ማኅበር ሌሎቹ ይለያሉ እንጂ አይሽሩትም። ሲኖዶስም እውነትን ይገልጻል እንጂ በውግዘት አይቀጣም።

ነገር ግን ያው መጽሐፍ ከአንድነት ወጥቶ በእንቢታ የጸናውን ማኅበር የመንግሥት ሹም በኀይል እንዲያስገድደው ፈቀደ። ለወንድም ማኅበር የከለከሉትን በትር ለዳኛ ሰጡ። በማሳቹሴትስ በሕግ ለቤተ ክርስቲያን ግብር ማስከፈል የቀረው በ1833 ነው።

ሐዋርያት ግን ቀኝ እጃቸውን ሲሰጡ በግራቸው በትር አልያዙም፤ ድኾችን ማሰብን ብቻ አደራ አሉ እንጂ።