ፍጥነት፣ ጋቢናና ዋጋ፦ የዳትሰን 240ዜድ ታሪክ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ስፖርት መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ሦስት ነገር በአንድ ላይ አያገኝም ነበር። ፍጥነት የፈለገ ኪሱን ያራግፋል፤ ዋጋ የቀነሰለት በጉልበት ወይም በምቾት ይከፍላል። የመኪና አፍቃሪዎች ክርክርም ከዚህ አይወጣም ነበር፦ የትኛዋ ትሮጣለች? የትኛዋ ውስጥ መቀመጥ ደስ ይላል? የትኛዋስ ለገንዘቡ ታዋጣለች?

በ1961 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ የታየችው ጃጓር ኢ-ታይፕ ሦስቱን ለማስታረቅ ብዙ ተጉዛለች። ባለ 3.8 ሊትር ሞተሯ 265 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ፋብሪካው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች ብሎ አስተዋወቃት። ዋጋዋም የአስተን ማርቲን ዲቢ4ን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ጋቢናዋ ለዓይን ይማርካል፤ በተርታ የተሰደሩት ቁልፎችና ክብ ሰዓቶች የአውሮፕላን አብራሪ ፊት ያለውን ሰሌዳ ያስመስሉታል። መንገድ ሲረዝም ግን ቀጫጭኖቹ መቀመጫዎች ወገብ ይፈትናሉ፣ ረጅም ሰው እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ማርሹም በቀላሉ አይገባም። ጃጓር መቀመጫውንም ካምቢዮውንም ያሻሻለው በ1964፣ ከ4.2 ሊትሩ ሞተር ጋር ነው።

ፖርሸ 911 በአሠራር ጥራት የሚወዳደራት አልነበረም። አምስት ክብ ሰዓቶቿ በአንድ መስመር ተደርድረው፣ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መሀል ላይ ጎልቶ ይታያል። ይሁን እንጂ በ1970 አነስተኛዋ 911ቲ እንኳ 125 የፈረስ ጉልበት ይዛ አሜሪካ ውስጥ 6,500 ዶላር አካባቢ ትሸጥ ነበር። ርካሽ የፈለገ የእንግሊዟን ኤምጂቢ ይገዛል፤ የሚያገኘው 1.8 ሊትር ሞተርና እንደ ጭነት መኪና በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ የኋላ እግር ነው።

ይህን ክፍተት ከልባቸው ያዩት ዩታካ ካታያማ ናቸው። ጃፓናዊው ካታያማ በ1958 የዳትሰንን ቡድን መርተው በአውስትራሊያ ረጅም ራሊ በምድባቸው አሸንፈዋል። በ1960 ወደ አሜሪካ ተልከው የዳትሰን አምራች የሆነውን የኒሳንን ንግድ ካሊፎርኒያ ላይ ሲያደራጁ፣ ደንበኛው ምን እንደሚመኝና ምን ለመክፈል እንደሚችል በቅርብ አዩ። ጃፓን ያሉትን አለቆቻቸውን መወትወት አላቆሙም። በዮሺሂኮ ማትሱኦ የሚመራው የዲዛይን ቡድን የሠራት መኪና በ1969 መጨረሻ ይፋ ሆነች፤ በአሜሪካ ስሟ ዳትሰን 240ዜድ፣ ዋጋዋ 3,526 ዶላር።

ዋጋው እንዴት ሊወርድ ቻለ? መልሱ ኮፈኑ ሥር ነው። መሐንዲሶቹ አዲስ ሞተር ከዜሮ አልጀመሩም፤ ዳትሰን 510 የተባለችውን የቤተሰብ መኪና ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ወስደው፣ የሲሊንደሩን ስፋትና የፒስተኑን ምልልስ ሳይነኩ ሁለት ሲሊንደር ጨመሩበት። 1.6 ሊትሩ 2.4 ሊትር ሆነ፤ 151 የፈረስ ጉልበትም ወጣው። መኪናዋ አንድ ቶን ገደማ ብቻ ስለምትመዝን በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትጠጋ ነበር። አራቱም እግሮቿ ለየብቻ በሞላ የሚንቀሳቀሱ መሆናቸው ደግሞ ከኤምጂቢ ጋር ሊያነጻጽራት የሚሞክረውን ሁሉ አፍ የሚያስይዝ ነበር።

ጋቢናው ውስጥ ገንዘብ የት እንደተቆጠበ አይደበቅም። ቆዳ የለም፤ መቀመጫው ቪኒል ነው፤ እንጨት የሚመስለው መሪም እንጨት አይደለም። ነገር ግን ዓይንና እጅ በሚያርፉበት ቦታ አልተሳሳተም። የፍጥነቱና የሞተሩ ዙር ሰዓቶች ፀሐይ እንዳያንጸባርቅባቸው ጠልቀው በአሽከርካሪው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ ትንንሾች መሀል ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። መቀመጫው ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ረጅም ሰው ያለ ጭንቀት ይገባበታል፣ ሬዲዮው በዋጋው ውስጥ ነው፣ የኋላው በር ወደ ላይ ተከፍቶ የጉዞ ሻንጣ ይውጣል። ጃጓር በጋቢናዋ ተመልካችን አስደነቀች፤ ዳትሰን ነጂውን አሰበችለት። ለረጅም መንገድ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

ስለ ጥንካሬዋ የሚያጉረመርሙትን ዝም ያሰኘው የምሥራቅ አፍሪካ መንገድ ሆነ። በ1971 ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ባቋረጠው የሳፋሪ ራሊ፣ ኤድጋር ኸርማን በ240ዜድ አንደኛ፣ ሼካር መህታ በሌላ 240ዜድ ሁለተኛ ወጡ። በ1973 ድሉ የመህታ ሆነ። በአቧራ፣ በጭቃና በድንጋይ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ውድድር ነውና፣ ለከተማ ጎዳና የተዋበች መኪና ሁለቴ ማሸነፏ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ነበር።

እንከኗ ዝገት ነው። ክረምት ላይ ጨው በሚበተንባቸው አገሮች ቆርቆሮዋ ቶሎ ተበላ፤ ብዙዎቹ ያለቁትም በዚህ ምክንያት ነው። የ260ዜድና የ280ዜድ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ክብደቱ ጨመረ፤ በ1978 የወጣችው 280ዜድኤክስ ከስፖርት ይልቅ ወደ ድሎት አዘነበለች። ዋጋውም አብሮ እየወጣ ሄዶ፣ ኒሳን በ1996 የዜድን ሽያጭ አሜሪካ ውስጥ አቆመ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የድሮዎቹን 240ዜዶች እየገዛና እያደሰ በ25,000 ዶላር ገደማ ለጥቂት ደንበኞች ሸጧል። በ2020 መጀመሪያ በጨረታ የቀረበች አንዲት የ1971 ሥሪት፣ እምብዛም ያልተነዳች በመሆኗ 310,000 ዶላር አወጣች።

የካታያማን ሐሳብ በሚገባ የወረሰው ሌላ የጃፓን ፋብሪካ ነው። ማዝዳ በ1989 ቺካጎ ላይ ያሳያት ኤምኤክስ-5 ጉልበቷ 116 ፈረስ ብቻ፣ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። ማርሿ አጭርና ፈጣን ነው፤ ጋቢናዋ ጠባብ ቢሆንም እጅ የሚፈልገው ሁሉ ቅርብ ነው። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጣች።