የግብዣው ልብስና የልብስ ሰፊዎቹ መርጃ ማኅበር

እ.ኤ.አ. በ1837 የእንግሊዝ ንጉሥ ዊልያም አራተኛ በሞተ ጊዜ የለንደን ወይዛዝርት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሐዘን ልብስ አዘዙ። አንዲት ልብስ ሰፊ በዚያ ሰሞን ከሐሙስ ሌሊት አሥር ሰዓት እስከ እሑድ ጧት አራት ሰዓት ተኩል ድረስ አልጋ ላይ ሳትወጣ ሠርታለች። እንቅልፍ እንዳይጥላት ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ያሳለፈችው ቆማ ነበር። ቃሏ የሰፈረው የሕፃናትን ሥራ እንዲያጣራ የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚሽን በ1843 ባወጣው ሪፖርት ላይ ነው።

ሪፖርቱ በለንደን ብቻ 15,000 ያህል ወጣት ሴቶች በዚህ ሙያ እንደሚተዳደሩ ይገምታል። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ማለቂያ ድረስ ባለው የግብዣ ወቅት በቀን 15 ሰዓት መሥራት የተለመደ ሲሆን በብዙ ቤቶች እስከ 18 ሰዓት ይደርስ ነበር። ምክንያቱ ስውር አልነበረም። ወይዘሮዋ የቀሚሷን ዓይነት የምትወስነው ግብዣው ሲቃረብ ነው፤ ቀሚሱም ከግብዣው ሌሊት አንድ ቀን ቢዘገይ ዋጋ የለውም። የስፌት ቤቱ ባለቤት ደግሞ ደንበኛዋ ወደ ጎረቤት እንዳትሄድባት ስትሰጋ «አይደርስም» ብላ አትመልስም። ስለዚህ በወይዘሮዋ ምርጫና በግብዣው መካከል የጎደለው ጊዜ ሁሉ ከሰፊዎቹ እንቅልፍ ይቀነሳል።

ሪፖርቱ የብዙዎችን ኅሊና ነካ። በዚያው በ1843 የልብስ ሰፊዎችና የባርኔጣ ሠሪዎች መርጃ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከደጋፊዎቹም አንዱ ለፋብሪካ ሠራተኞች በመከራከር የታወቀው ሎርድ አሽሊ ነበር። በዲሴምበር ወር ገጣሚው ቶማስ ሁድ ስለ ሸሚዝ ሰፊዋ የጻፈው ግጥም ፓንች በተባለው መጽሔት ወጥቶ በአገሩ ሁሉ ተነበበ፤ በተከታዩ ዓመትም ሠዓሊው ሪቻርድ ሬድግሬቭ ያችኑ ሴት በሸራ ላይ አሳይቶ ለሕዝብ አቀረበ።

በማኅበሩ ጥላ ሥር የተሰለፉት ወይዛዝርት ራሳቸው የስፌት ቤቶቹ ደንበኞች ነበሩ። ይህን ብቻ አይቶ ሥራቸውን ሁሉ ግብዝነት ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማኅበሩ ለታመሙት ሐኪም አቅርቧል፤ ለተቸገሩት ብድር አስገኝቷል። ከሁሉ የሚሻለው ሥራው፣ ሥራ የፈቱ ሰፊዎችን መዝግቦ የሥራ ጥድፊያ ሲበዛ ስፌት ቤቶች ተጨማሪ እጅ እንዲቀጥሩ ማድረጉ ነበር። ይህን ያሰበ ሰው የነገሩን ሥር አይቷል። የቀን ሥራ በ12 ሰዓት እንዲወሰን፣ የእሑድ ሥራ እንዲቀር፣ ክፍሎቹም አየር እንዲያገኙ ማኅበሩ ባለቤቶቹን ለምኗል። ከልመና በላይ ግን ሥልጣን አልነበረውም። ልመናውን የተቀበለች ባለቤት ሥራዋን ላልተቀበለችው ጎረቤቷ አሳልፋ ልትሰጥ ነው፤ መዋጮ የከፈለችውም ወይዘሮ ቀሚሷን ዘግይታ ብታዝዝ የሚጠይቃት የለም።

ሃያ ዓመት አለፈ። በጁን 1863 ሜሪ አን ዎክሊ የተባለች የ20 ዓመት ልጃገረድ ሬጀንት ጎዳና ላይ በነበረው በማዳም ኤሊዝ ስፌት ቤት ሞተች። ቤቱ ለቤተ መንግሥት ወይዛዝርት የሚሰፋ፣ ስሙ የተከበረ ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ማርች የእንግሊዙን አልጋ ወራሽ ላገባችው ለዴንማርክ ልዕልት ለአሌክሳንድራ ክብር የዳንስ ግብዣ ተደግሶ ስለነበር የተጠሪዎቹ ቀሚሶች መድረስ ነበረባቸው። ልጅቷ ከሌሎች 60 ልጃገረዶች ጋር 26 ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ሠራች። በአንድ ክፍል ሠላሳ ሆነው የሚሰፉ ሲሆን፣ ክፍሉ ለቁጥራቸው ከሚያስፈልገው አየር ሲሶውን እንኳ የሚይዝ አልነበረም። የሚያድሩትም በሳንቃ በተከፋፈሉ የታፈኑ ጠባብ ክፍሎች ሁለት ሁለት ሆነው ነበር። ዓርብ ታመመች፤ እሑድ አረፈች።

የተጠራው ሐኪም የገደላት የሥራው ርዝመት፣ የሥራ ክፍሉ መጨናነቅና የመኝታ ክፍሉ አየር ማጣት ነው ብሎ መሰከረ። የሞቷን ምክንያት ለማጣራት የተሰየሙት ዳኞች ግን ቃሉን አለዘቡት፤ በአንጎል ደም መፍሰስ መሞቷን ወስነው፣ የሥራው ብዛት ሞቷን ሳያፋጥነው አይቀርም የሚል ሥጋት ብቻ አከሉበት። ጋዜጦች ሰሞኑን ሁሉ ስለ እርሷ ጻፉ። በጁላይ የፓንች ሠዓሊ ጆን ቴኒየል አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መስተዋት ፊት የቆመች ወይዘሮ ሣለ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ወንበር ላይ የወደቀች የሰፊዋ ምስል ነው። ካርል ማርክስም በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ስለ ሥራ ቀን ርዝመት በሚያትተው ምዕራፍ የልጅቷን ስም አሰፈረ።

በዚያው በ1867 የእንግሊዝ ፓርላማ የሥራ ቤቶችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። በአነስተኛ የሥራ ቤቶች የሚሠሩ ሴቶች ቀን የምግብ ሰዓትን ጨምሮ ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ተደነገገ። ማኅበሩ ለ24 ዓመታት በልመና ሲጠይቅ የኖረው ያንኑ 12 ሰዓት ነበር። ሕጉን የማስከበሩ ሥራ በመጀመሪያ ለየአካባቢው ሹማምንት ተሰጠ፤ ብዙዎቹም ቸል አሉት። በ1871 ይኸው ሥልጣን ከእነርሱ ተወስዶ ለመንግሥት የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ተላለፈ።