ዝሆኑና መለኪያው

ናይሮቢ መጠጥ ቤት ገብታችሁ ቢራ ስታዝዙ አስተናጋጁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ባሪዲ አው ሞቶ?» ብሎ ነው፤ ቀዝቃዛ ወይስ ሙቅ? ሙቅ ማለቱ ፍሪጅ ያልገባ፣ መደርደሪያ ላይ የዋለ ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። በላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ የሙራንጋ ሰው፣ ዛሬም ቱስከር ቢራቸውን የሚጠጡት ለብ እንዳለ ነው። «ምዜ» እላቸዋለሁ፤ በስዋሂሊ ሽማግሌ፣ ታላቅ ሰው ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው።

ከምዜ ጋር ያቀራረበን ሰዓት እላፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በመጋቢት ማብቂያ ኬንያ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት መውጣት ከለከለች፤ መጠጥ ቤቶችም ተዘጉ። ከፎቃችን ሥር ያለችው «ዋይንስ ኤንድ ስፒሪትስ» (እዚህ አገር የመጠጥ ሱቅ ሁሉ ስሙ ይኸው ነው) እየሸጠች ገዢውን ወደ ቤቱ ትሸኝ ነበር። አንድ ምሽት እሳቸው አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ እኔ ሩብ ያህል የቀረች ውስኪ ይዘን ደረጃ ላይ ተገናኘን። ለሁለት ሰው የማይበቃውን አንድ ላይ ብናደርገውስ አልን።

ሐሳቡ የእኛ አይደለም። ስኮትላንዶች ግማሽ ቢራ ከአንድ ትንሽ ውስኪ ጋር ጎን ለጎን ካስቀመጡ ቆይተዋል። አሜሪካኖች በማሞቂያ ጋን ሠሪዎች ስም «ቦይለርሜከር» ብለው ይጠሩታል፤ ኮሪያውያን ደግሞ መለኪያውን ከነውስኪው ቢራ ውስጥ ጥለው «ቦምብ» ይሉታል። የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ ቱርቦን ታውቁታላችሁ፦ ጆግ ውስጥ ቢራ፣ ስፕራይት፣ ወይን ይሁን ጂን የተገኘው ይጨመራል። ቱርቦ ጣዕም ፍለጋ አልነበረም፤ የኪስ ሒሳብ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ግን ሁለቱ መጠጦች አንድ ብርጭቆ ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ የነበረው እንቅፋት ኪስ ብቻ አልነበረም። ሕግ ነበር።

ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሠራተኞች በሰፈሩበት ረግረግ ነው። በ1904 የገና ዕለት ኖርፎክ ሆቴል ተከፈተ፤ ነጭ ሰፋሪዎችም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ውስኪ በሶዳ መጠጣት ወግ አደረጉት። ብርጭቆውን የሚያቀርበው አፍሪካዊ ግን ከዚያ መቅመስ አይችልም። የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ በተፈራረሙት ውል መነሻነት ቅኝ ገዢው ጠንካራ መጠጥን ለአፍሪካዊ መሸጥ ከልክሎ ነበር። በኋላ ክልከላው የጠርሙስ ቢራንም ጨመረ። እኛም ዘንድ ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የሕዝብ የነበረበት ዘመን ነበርና በሰው አገር ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ቢሆንም የእኛው በማዕረግ ነበር፣ የእነሱ በቆዳ።

ለአፍሪካዊው መጠጣት የተፈቀደው ፑምዋኒ በሚባለው ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት እዚያ የራሱን የጠላ አዳራሽ ከፈተ፤ ከበቆሎና ከዳጉሳ የሚጠመቀውን ራሱ አስጠምቆ ራሱ ይሸጣል፣ ትርፉንም «የአገሬው ተወላጅ» ለሚባል ሒሳብ ያስገባል። በጓዳዋ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ስትገኝ ድስቷ ይደፋል፣ እሷ ትታሰራለች። ምዜ ሲያወሩ አባታቸው አዳራሹን አይወዱትም ነበር፤ «የመንግሥት ጠላ ውኃ ውኃ ይላል» ይሉ ነበር አሉኝ። የየትኛውም መንግሥት ጠላ እንዲህ ሳይባል አይቀርም።

በዚያው ዘመን ሩአራካ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሌላ ነገር እየተጠነሰሰ ነበር። ጆርጅና ቻርልስ ኸርስት የተባሉ ወንድማማቾች የኬንያ ቢራ ፋብሪካን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ሳጥኖች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1922 ስታንሌይ ሆቴል ገቡ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 1915 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ የተመሠረተበት ያው ዓመት። ዓመቱ ሳይሞላ ጆርጅ ኸርስት አደን ወጥቶ ዝሆን ገደለው። ቱስከር የትልቅ ጥርስ ዝሆን ስም ነው፤ የወንድሙ ፋብሪካ ቢራውን በገዳዩ ሰየመው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጥቁር ዝሆን እሱ ነው። ለሟች እንዲህ ያለ መታሰቢያ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ክልከላው የተነሣው በየተራ ነው፦ ለጠርሙስ ቢራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ለውስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። በአንድ ኬንያዊ አያት ዕድሜ የሆነ ነገር ነው። ነፃነት መጥቶም የጓዳው መጠጥ አልተፈታም፤ ቻንጋ የሚባለው አረቄ በ1980 በሕግ ታገደ፣ እስከ 2010ም ታግዶ ቆየ። የታገደ አረቄ ግን አይጠፋም፤ ይጨልማል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ በተባለው የድሆች ሰፈር ሜታኖል የገባበት መጠጥ ከ100 በላይ ሰው ፈጀ። ሜታኖል ሽታው ከሚጠጣው አልኮል አይለይም፣ ዓይን ያሳውራል፣ ከዚያ ይገድላል። እዚህ ከተማ ማንም ሰው ቤቱ መጠጥ ለመቀላቀል ካሰበ ማኅተሙ ካልተነካ ጠርሙስ ይጀምር የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወጥ ቤቴ። ማር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ አይሟሟም፤ ከመስታወቱ ሥር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ማር በአንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ቀድሜ አላላለሁ። 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ የተወቀጠ ዝንጅብል ጨምሬ ከበረዶ ጋር ክዳን ባለው ማሰሮ በደንብ እንጠዋለሁ። ቢራው አይናጥም፤ የመጀመሪያ ቀን ናጥኩት፣ ክዳኑ ጣሪያ መታ፣ ምዜም ሸሚዝ ቀየሩ። ያጠለልኩትን ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ካደረግሁ በኋላ ግማሽ ጠርሙስ ቱስከር ብርጭቆውን አዘንብዬ በጎኑ ቀስ ብዬ አወርዳለሁ። ዝንጅብል ካልተገኘ ስቶኒ ታንጋዊዚ የሚባለው የዝንጅብል ለስላሳ አለ፤ ያኔ ማሩ ይቀነሳል።

ሒሳቡን ሳትሠሩ አትድገሙ። ቱስከር 4.2 ከመቶ ነው፤ 500 ሚሊ ሊትር ሙሉ ጠርሙስ ውስጥ 21 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። የእኛ ብርጭቆ ከውስኪው 18፣ ከግማሽ ቢራው 10.5፣ ድምሩ 28.5። ሎሚውና ማሩ ስለሚሸፍኑት ለምላስ እንደ ብርዝ ይቀላል፤ ለጉልበት ግን ከአንድ ቢራ በላይ ነው።

ማርና ምሬት ሲገናኙ የምናውቀው ነገር አለ። ጌሾ ለጠጅ የሚያደርገውን የቢራው ሆፕ እዚህ ያደርጋል። የኬንያዎቹ ኪኩዩዎችም ሙራቲና የሚሉት የማር መጠጥ አላቸው፤ ማሩን የሚያፈላው ረጅም ሙዳይ የመሰለ የዛፍ ፍሬ ተሰንጥቆና ደርቆ ነው። ምዜ አንዱን ደረቅ ፍሬ ከገጠር አምጥተው አሳይተውኛል፤ ስፖንጅ ይመስላል፣ የአምናው እርሾ በውስጡ ይከርማል። እኔ በምላሹ ጌሾ አሸተትኳቸው። ከአክብሮት በስተቀር ምንም አልተናገሩም።

ናይሮቢ ራሷ በማር ኮክቴል የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው ካርኒቮር ምግብ ቤት ቮድካ፣ ሎሚና ማር ቀላቅሎ «ዳዋ» አለው፤ መድኃኒት ማለት ነው። ማሩ የሚቀርበው በእንጨት ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ነው፣ ጠጪው ራሱ እያማሰለ ያጣፍጣል። የእኛ ቅልቅል ስም ስላልነበረው እኛም ዳዋ አልነው፤ ምዜ ግን «መድኃኒት በበረዶ አይሰጥም» አሉ። ማንኪያ ጠየቁኝ። በረዶውን አንድ በአንድ ከብርጭቋቸው እያወጡ የማስቀመጫው ሳህን ላይ ደረደሩት፤ ከዚያ እስኪሞቅ ይጠብቁ ጀመር።