እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ



ዛሬ የምናነበው ስለ ሒሳብ ትምህርት ታሪክ ነው። ነገሩ የተጀመረው በሩቅ አገር ነው። ቢሆንም ለእናንተ ደብተርና እርሳስ የሚሆን ቁም ነገር አለበት። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስብ። አርባ ሰዎች ባንድ ክፍል ተቀምጠው ሒሳብ ይማራሉ እንበል። መምህሩ ማካፈልን ያስረዳል። አሥሩ ሰዎች ቶሎ ይገባቸዋል። ሃያዎቹ ቀስ ብለው ይደርሱበታል። የቀሩት አሥሩ ገና ማባዛቱም አልጠራላቸውም። በማግስቱ መምህሩ ወደ ክፍልፋይ ያልፋል። እንግዲህ እነዚያ አሥር ሰዎች ምን ይሁኑ?

ሒሳብ እንደ ድንጋይ ካብ ነው። የታችኛው ካልተቀመጠ የላይኛው አይቆምም። ማባዛት ያልያዘ ሰው ማካፈል ይቸግረዋል። ማካፈል ያልያዘ ሰው ክፍልፋይ አይገባውም። ክፍልፋይ ያልገባው ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሶ አልጀብራ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ይጨልምበታል። ሰው ደግሞ “ይኼ ሰነፍ ነው” ይለዋል። የጎደለው ግን አንድ የታች ድንጋይ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ከደከሙት ሰዎች አንዷ ወይዘሪት ሔለን ፓርክኸርስት የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። በ1904 ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቷ ባለ አንድ ክፍል ነበረች። ተማሪዎቹ አርባ ያህል ናቸው። ከትንሹ እስከ ትልቁ ስምንት ደረጃ ያሉ ልጆች ባንድ ጣራ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱን ደረጃ ሲያስተምሩ የቀሩት ሰባቱ ምን ይሥሩ? መምህርቷ ዘዴ ፈለጉ። ለየልጁ ሥራ እየሰጡ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩ አደረጉ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዲረዱም አደረጉ። ችግር ብልሃትን ወለደ ማለት ይኼ ነው።

ያ ብልሃት ከዓመታት በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1920 ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት፣ ዳልተን በምትባል ከተማ ባለው ትምህርት ቤት ተሠራበት። ስለዚህም “የዳልተን ዘዴ” ተባለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓመቱ ትምህርት በየወሩ ይከፋፈላል። የወሩ ሥራ በጽሑፍ ሆኖ ለተማሪው ይሰጠዋል። ተማሪው አንብቦ “ይህን እሠራለሁ” ብሎ ይፈርማል። እንግዲህ ውል ገባ ማለት ነው። የወሩ ሥራ ደግሞ ለሃያ የትምህርት ቀናት ይደለደላል። ለሒሳብ የራሱ ክፍል አለው። መጻሕፍቱ እዚያ ናቸው፤ የሒሳብ መምህሩም እዚያው ይገኛል። ተማሪው በተፈቀደው ሰዓት ገብቶ ይሠራል። ሲቸግረው ይጠይቃል። ደወል በተደወለ ቁጥር የጀመረውን ጥሎ አይነሣም።

ሥራውም አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚባል ምርጫ ነበረው። በሒሳብ ቢሆን ለምሳሌ አንዱ ተማሪ ዋና ዋናውን ስሌት አጥርቶ ይሠራል። ሌላው ከበድ ያለውን ይጨምራል። ጎበዙ ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ሁሉም ግን መሠረቱን መያዝ አለበት።

አንድ ጥብቅ ደንብም ነበር። የአንዱ ወር ሥራ በሁሉም ትምህርት ሳይጠናቀቅ የሚቀጥለው ወር ሥራ አይጀመርም። ታሪክ የሚወድ ልጅ ሒሳቡን ጥሎ በታሪክ ብቻ መሮጥ አይችልም። ታሪኩን ቶሎ ጨርሶ የተረፈውን ጊዜ ለሚከብደው ለሒሳብ ይሰጣል። ምን ያህል እንደተጓዘም ለማወቅ በካርድ ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ሲረዝም ራሱ ያየዋል። ነፃነቱ ተጠያቂነት ነበረው።

ወይዘሪት ሔለን በ1922 ስለዚህ ዘዴ መጽሐፍ አሳተሙ። ዘዴው ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ጃፓን ተዛመተ። በ1924 እሳቸው ራሳቸው ጃፓን ድረስ ሄደዋል። ሶቪየት ኅብረትም ተቀብላው ነበር። እዚያ ግን መልኩ ተለወጠ። ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ ሥራውን ይወስዱ ጀመር። ቡድኑ ሲጠየቅ ለሁሉም የሚመልስ አንድ ሰው ነበር።

እስቲ ፍረዱ! አንዱ ሠርቶ አምስቱ “አለፉ” ሲባል፣ የቀሩት አራቱ ምን ተማሩ? የአራቱ ካብ ባዶ ነው። ጉዳቱ ታየና በነሐሴ 1932 የአገሪቱ ገዥ ፓርቲ ያን አሠራር በውሳኔ አስቀረው። መምህር ፊት ቆሞ የሚያስተምርበት መደበኛ ትምህርት ተመለሰ። በሆላንድ ግን የዳልተንን ስም የያዙ በመቶ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን።

አንደኛው፣ ቀስ ብሎ መሄድ ነውር አይደለም። ጎረቤታችሁ ማካፈል ሲጀምር እናንተ ገና ማባዛት ላይ ብትሆኑ አትፈሩ፤ ደብተሩንም አትጠፉበት። የጎደለችውን ድንጋይ ፈልጋችሁ አስቀምጡ። በደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ ሃያ ትንንሽ ሣጥኖች ሥሩ። አንድ የሒሳብ ሥራ በጨረሳችሁ ቀን አንዱን ሣጥን አጥቁሩ። መንገዱ ስንት እንደቀረ ዓይናችሁ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው፣ ሌላው ሠርቶ እናንተ አለፍን አትበሉ። “ሒሳቡን ልጄ ይሥራልኝ” ማለት ቀላል ነው። ገበያ ላይ ሚዛኑ ፊት ስትቆሙ ግን ልጁ የት አለ? ነጋዴው ደምሮ ሲነግራችሁ ትክክል ይሁን ስህተት በምን ታውቃላችሁ? ልጃችሁ ያሳያችሁ፤ እርሳሱን ግን እናንተ ያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የዳልተን ተማሪ በራሱ እርምጃ የሄደው የወሩን ሥራ ራሱ ማንበብ ስለቻለ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ሌላ ሰው እስኪነግረው ይጠብቃል። እናንተ ይህን ገጽ እስከዚህ ድረስ ካነበባችሁ ያ መጠበቅ አብቅቷል። የሒሳቡን መጽሐፍ ክፈቱና ያቆማችሁበትን ገጽ ፈልጉ።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።