ከጨረራ አደጋ በኋላ ምስክር የሚሆነው የእጅ ስልክ

ጨረራ አይታይም፤ አይሸትም፤ ሲነካም አይሰማም። በመሆኑም አደጋ ሲደርስ ማን ምን ያህል እንደተጋለጠ መለየት አስቸጋሪ ነው። በጨረራ አጠገብ የሚሠሩ ባለሙያዎች መለኪያ ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ መለኪያ ባይኖራቸውም የእጅ ስልክ ግን በኪሳቸው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ የሕክምና ተቋም የጨረራ መሣሪያ አውጥተው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ የነበረው ሲዝየም 137 በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ስለነበር ሰዎች ተገርመው ተከፋፈሉት። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ110 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ተመረመሩ፤ በ249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ።

በኢትዮጵያም ጨረራ ለጥቅም ይውላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ይታከምበታል፤ በቃሊቲ ደግሞ የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለማምከን አገልግሏል። የአርብ ገበያ ነዋሪ ከእነዚህ ስፍራዎች ርቆ ይኖራል። የጎያኒያው አደጋ ግን ሰው ቤት የገባው በቁርጥራጭ ብረት ንግድ በኩል ነበር።

በስልክ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሬዚስተር የተባሉ ክፍሎች አሉ። መቀመጫቸው ሸክላ መሰል አልሙኒየም ኦክሳይድ ነው። ጨረራ ሲያልፍበት ከጉልበቱ ጥቂቱ በውስጡ ይቀራል። በላቦራቶሪ ብርሃን ሲበራበት የታመቀው ጉልበት ደካማ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎች ያንኑ ክፍል በሚታወቅ የጨረራ መጠን መልሰው አስነክተው ሁለቱን ያነጻጽራሉ። የጥንት ሸክላ ዕድሜም በተመሳሳይ መርሕ ይለካል።

ልኬቱ ሕይወት ያድናል። በአንድ ጊዜ በመላ አካሉ 1 ግሬይ ገደማ የተቀበለ ሰው ሊታመም ይችላል፤ 4 ግሬይ ገደማ ከተቀበሉትና ካልታከሙት ግማሽ ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ። ሬዚስተሮቹ ከዚህ እጅግ ያነሰውን መጠን ስለሚያሳዩ ፈጥኖ መታከም ያለበትን ከደነገጠው ብቻ ለመለየት ይረዳሉ።

ዘዴው ገደብ አለው። ምልክቱ በቀናት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፤ ስልኩም ለምርመራ ይፈታል። ቤት የቀረ ስልክ ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ባለቤቱ አይመሰክርም። በምግብ ወይም በትንፋሽ የገባውንም በአግባቡ አይለካም። ስለዚህ የደም ምርመራን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ባለ ሦስት ክንፍ የጨረራ ምልክት ያለበት ወይም ያልታወቀ ከባድ ብረት ያገኘ ሰው ሳይነካ ይራቅ፤ ለፖሊስና ለጤና ተቋም ያሳውቅ። የተጋለጠም ስልኩን አይጣል፤ አይፍታ፤ ከእሳትና ከፀሐይ ያርቅ፤ በዕለቱ የት እንደነበረ አስታውሶ ለባለሙያ ይስጥ።