የኮምፒውተሩ ቀጠሮ ሲሳሳት፦ በአውትሉክ ውስጥ መታየት ያለባቸው ነገሮች

ከክሊኒኩ የተሰጠው ወረቀት እሑድ 10:00 ይላል። ኮምፒውተሩ 11:00 ያሳያል። ስልኩ ላይ ደግሞ ቀጠሮው ጭራሽ የለም። በሐዴራም ሆነ በሌላ ከተማ ልጆቻቸው ኮምፒውተር አዘጋጅተው የሰጧቸው አባቶችና እናቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው «ዕብራይስጡን ሳላውቅ አበላሽቼው ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሰው ሌላ ሳይመርጥለት በራሱ የያዘው ነገር ነው፤ በዕብራይስጥ «ብሬራት መሕዳል» ይባላል። ወራት ተጠብቆ የተገኘ የሐኪም ቶር በዚህ ምክንያት ማለፍ የለበትም።

እዚህ የሚነገረው በብዙ ቤትና ቢሮ ስላለው የቀድሞው አውትሉክ ነው። የቀጠሮው ሁሉ ማስተካከያ የሚገኘው ከላይ «ኮቬጽ»፣ ቀጥሎ «አፍሻሩዮት»፣ ከዚያ «ሉአሕ ሻና» የሚለውን በመጫን ነው። በአዲሱ አውትሉክ ከላይ ያለው የጥርስ መዘውር ምልክት ተጫኖ «ሉአሕ ሻና» ይመረጣል።

ቀጠሮው ስልክ ላይ ካልታየ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቸግረው ይህ ነው። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሦስት የኢሜይል አድራሻ ሊኖር ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ የቀጠሮ መዝገብ ይኖረዋል። አዲስ ቀጠሮ ሲጻፍ አውትሉክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገባው ብሬራት መሕዳል በሆነው መዝገብ ውስጥ ነው። ያ መዝገብ ድሮ የተከፈተና የተረሳ አድራሻ ከሆነ፣ ስልኩ ስለማያነበው ቀጠሮው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ይቀራል።

ጂሜይል ያላቸው ሰዎች በተለይ ይህን ይወቁ። የቀድሞው አውትሉክ ከጂሜይል የሚያመጣው ደብዳቤውን ነው እንጂ የጉግልን የቀጠሮ መዝገብ አይደለም። ደብዳቤው እየገባ ስለሆነ ሁሉም ነገር የተያያዘ ይመስላል፤ ቀጠሮው ግን አልተያያዘም። ከመዝገቡ ስም አጠገብ «በዚህ ኮምፒውተር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ካለ ነገሩ ይኸው ነው። እንዲህ ሲሆን ቀጠሮን በጉግል መዝገብ ላይ በቀጥታ መጻፍ፣ ወይም የጂሜይልን ቀጠሮ ማገናኘት ወደሚችለው ወደ አዲሱ አውትሉክ መሄድ ይሻላል።

ሌላ አድራሻ ብሬራት መሕዳል ለማድረግ «ኮቬጽ»፣ «ሃግዳሮት ሔሽቦን»፣ ከዚያ «ኪቭጼ ንቱኒም» የሚለው ይከፈታል። ትክክለኛው አድራሻ ተመርጦ ብሬራት መሕዳል የሚያደርገው ቁልፍ ይጫናል፤ አውትሉክም ተዘግቶ እንደገና ይከፈታል። ይህ የሚሠራው ከዛሬ ወዲያ ለሚጻፈው ነው። የቆዩት ቀጠሮዎች ድሮ በነበሩበት መዝገብ ይቆያሉ፤ ወደ አዲሱ መዛወር አለባቸው። ስለዚህ «አይጠቅምም» ተብሎ የድሮው አድራሻ ከመሰረዙ በፊት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። የመጪው ጊዜ ሁሉ ቶር እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ መልሶ ማግኘቱም ቀላል አይደለም።

አንድ ሰዓት የሚያዛባው

ከዊንዶውስ የሰዓት ዝርዝር ውስጥ ለእስራኤል የሚመረጠው ኢየሩሳሌም ነው። አዲስ አበባ በስሟ የለችም፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ናይሮቢ ተብሎ በተጻፈው ስር ነው። ላፕቶፑን ይዞ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ኮምፒውተሩ ናይሮቢ ላይ እንደቀረ ላያውቅ ይችላል። የሚያታልለውም እስራኤል ሰዓቷን በምታስቀድምባቸው ወራት የኢየሩሳሌምና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል መሆኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ (አገር ቤት ክረምት የምንላቸው፣ እዚህ ግን የሙቀት ወራት የሆኑት) ስህተቱ አይታይም። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ግን በድንገት የአንድ ሰዓት ልዩነት ይመጣል።

ከ2013 ወዲህ ባለው ሕግ ሰዓቱ ወደፊት የሚሄደው ከመጋቢት ማለትም ከፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሌሊት 2:00 ላይ ነው። ወደኋላ የሚመለሰው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ 2:00 ላይ ነው። ቀደም ሲል የሚመለሰው ከዮም ኪፑር በፊት ነበር፤ ለዓመታት ያልታደሰ አሮጌ ኮምፒውተር አሁንም በድሮው ሕግ ሊሄድ ይችላል። ከኢየሩሳሌም ስም ጎን ዓመቱን ሙሉ +02:00 ተብሎ መጻፉ ማንንም አያስደንግጥ። ሰዓቱ በራሱ እንዲለወጥ የሚያደርገው ምልክት ካለበት በቂ ነው።

ናይሮቢ ወደ ኢየሩሳሌም ከተመለሰ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ሰውየው በእጁ የጻፋቸው የኅዳር ወይም የጥር ቀጠሮዎች አንድ ሰዓት ቀድመው ይታያሉ፤ 10:00 የነበረው 9:00 ይሆናል። በኢሜይል ተጋብዞ የገባው ደግሞ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ተብሎ የተያዘ በዓል ወይም የልደት ቀን ሁለት ቀን ላይ ተዘርግቶ ከታየም ምክንያቱ ይኸው የሰዓት ለውጥ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ አንድ በአንድ ማስተያየት ነው።

የሐበሻ ሰዓት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ የሚሆን ማስተካከያ አውትሉክ ውስጥ የለም። ዘመድ በስልክ «ጠዋት በ3 ሰዓት» ሲል የሚጻፈው 09:00 ነው፤ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት 14:00፣ ማታ 1 ሰዓት 19:00 ነው። 03:00 ብሎ የጻፈ ሰው ኮምፒውተሩ ሌሊት ሲጮህበት ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

እሑድ የጠፋችበት ሳምንት

አውትሉክ የሥራ ሳምንትን ከሰኞ እስከ ዓርብ አድርጎ ከያዘ፣ «የሥራ ሳምንት» በሚለው እይታ እሑድ አትታይም። ቀጠሮው አልጠፋም፤ ተሸፍኗል። እዚያው «ሉአሕ ሻና» ውስጥ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀኖች ምልክት ይደረግባቸዋል፣ የሳምንቱ መጀመሪያም እሑድ ይደረጋል። ቀኑ 05/06 ሲጻፍ ግንቦት ይሁን ሰኔ የሚያጠራጥር ከሆነ የዊንዶውሱ አካባቢ አሜሪካ ተብሎ ተይዞ ይሆናል። እዚህ አገር ቀኑ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል።

ማስታወሻውም (ቲዝኮሬት) በራሱ የሚጮኸው ከቀጠሮው 15 ደቂቃ በፊት ነው። ከጊቫት ኦልጋ ተነስቶ አውቶቡስ ጠብቆ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው 15 ደቂቃ ምን ያደርግለታል? ወደ ሦስት ሰዓት ወይም ወደ አንድ ቀን ማራዘም ይቻላል። በቀድሞው አውትሉክ ድምፁ የሚሰማው ፕሮግራሙ ክፍት ሲሆን ብቻ እንደሆነም መርሳት አይገባም።

በዓላት

«ሆሴፍ ሐጊም» ተጭኖ እስራኤል ሲመረጥ በዓላት ይገባሉ። ሁለት ጊዜ ከተጫነ በዓሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስግድን በእጁ የሚጽፍ ሰው «በየዓመቱ ይደገም» ማለት የለበትም። አውትሉክ የሚደግመው በፈረንጁ ቀን ነው፤ ስግድ ግን ሕሽቫን 29 ስለሆነ በየዓመቱ ይዘዋወራል። በ2025 ኖቬምበር 20 ላይ ነበር። በዕብራይስጥ ቀን የሚቆጠር የሙት ዓመትም እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ ቀኑ ተጠይቆ አዲስ ይጻፋል። የዕብራይስጡን ቀን ከፈረንጁ ጎን የሚያሳይ ምርጫ እዚያው ገጽ ላይ አለ፤ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ግን ከምርጫዎቹ መካከል የለም፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአማርኛ ካላንደር ማውረድ አያስፈልግም።